እንግዳ ተማሪና ተቀባይ ከተማ



አንድ ወጣት ለከፍተኛ ትምህርት ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ማዶ ሲሄድ ሽኝቱ ምን እንደሚመስል ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። በሶው ይፈጫል፤ ሽሮውና በርበሬው በየከረጢቱ ይታሰራል፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ይመርቃል፤ የነፍስ አባት ጸበል ይረጫሉ፤ መምህሩም «አደራ፣ ስማችንን አስጠራ» ይላል። አውቶቡሱ ወደ ወረታ ቁልቁል ሲወርድ ሸኚው እንባውን ጠርጎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሽኝቱ ሥርዓት አለው፤ ማን ምን እንደሚያደርግ ሁሉም ያውቃል። ልጁ በሚደርስበት ከተማ ማን በር እንደሚከፍትለት፣ የመጀመሪያዋን ሌሊት ከማን ጋር እንደሚያድር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

በሩቅ ከተማ ትምህርቱን አቋርጦ ስለሚመለስ ወይም ልቡ ተሰብሮ ስለሚቀር ተማሪ ሲነገር፣ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የልጁ ጠባይ ነው። «አልቻለውም»፣ «ናፍቆት አሸነፈው»፣ «ከተማው ዋጠው» ይባላል። ይህ ፍርድ ሚዛኑን የሳተ ነው። እንግዳ ተማሪ በአዲስ ከተማ መደላደሉ በብርታቱ ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ከብርታቱ ይልቅ የሚወስነው እርሱን መቀበል ግዴታዬ ነው የሚል ሰው መኖሩና አለመኖሩ ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ማስረጃው በጋይንትና በፎገራ፣ በዚሁ በደብረ ታቦርም አጥቢያዎች ይገኛል።

የደቡብ ጎንደር ደጋ ለብዙ ዘመን ተማሪ የሚሸኝ ብቻ ሳይሆን ተማሪ የሚቀበል አገር ነበር። ድጓን አጠናቅቆ ለመመስከር የሚሻ፣ ከትግራይም ይነሣ ከሸዋ፣ ከወሎም ይምጣ ከጎጃም፣ ጋይንት ገብቶ የቤተ ልሔምን ደጅ መርገጥ ነበረበት። ዝማሬና መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ ይሄዳል። በአቋቋም ተክሌ የሚባለውን ስልት የወደደ ደግሞ ደብረ ታቦር ድረስ ይመጣል፤ ይህ ስልት በፎገራው ሊቅ በአለቃ ገብረ ሐና ተጀምሮ በልጃቸው በተክሌ ስም ሲጠራ የሚኖር ነው። (አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ብቻ መታወሳቸው ያሳዝናል።) ስለዚህ ከመንዝ ወይም ከተምቤን ለመጣ ልጅ ባሕር ማዶው ይህ አገር ነበር። ቋንቋው ወይም የአነጋገሩ ዘዬ ሌላ፣ ብርዱ ሌላ፣ የሚያውቀው ፊት አንድም የለም።

ይህ ልጅ እንዴት ይደላደል ነበር? ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በትሩን ይዞ ከደብሩ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀርበው ከየኔታ ዘንድ ነው። የት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ከማን ዘንድ ምን እንደተማረ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ ከነባር ተማሪዎች ይጠጋል። ነባሩ የራሱን ጎጆ እስኪቀልስ ድረስ ያስጠጋዋል፤ እንጨቱ ከየት እንደሚቆረጥ፣ ሣሩ ከየት እንደሚታጨድ ያሳየዋል፤ በየትኛው መንደር በምን ቀን ቁራሽ እንደሚለመን፣ የማን ቤት ውሻ ተናካሽ እንደሆነ፣ የትኛዋ እመት እጇ ሰፊ እንደሆነ ይነግረዋል። ልጁ ማታ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የቤቱ ባለቤት የማን ልጅ ነህ ብላ ዘሩን አትቆጥርም። ተማሪ ነው፤ ይበቃል። የእርሷም ልጅ በዚያች ሰዓት በሌላ አገር በሌላ ሰው ደጅ ቆሞ ይሆናል።

ይህን ኑሮ ያለ ልክ ማወደስ ግን አይገባም። ራብ ነበረበት፤ ቅማልና እከክ ነበረበት፤ በወረርሽኝ ጊዜ በጎጆው ውስጥ ሞቶ የተቀበረ፣ ወላጆቹም የሞቱን ወሬ ሳይሰሙ የቀሩ ተማሪ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። ልጅ ከቤት ጠፍቶ እንዲሄድ ይመከር የነበረበትን ልማድም ዛሬ ማንም መምህር አይደግፈውም። ሊጤን የሚገባው ሌላ ነው። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ለእንግዳው ተማሪ ገና ሳይመጣ የተዘጋጀ ቦታ ነበረው። ከኅብረተሰቡ ጋር የሚያገናኘው ስም ነበረው፤ ስሙም «ተማሪ» ይባል ነበር። ነባሩ አዲሱን የሚያስጠጋው በደግነቱ ብቻ አልነበረም፤ እርሱም በተራው እንዲሁ ተጠግቶ ስለ ነበረ ዕዳውን መክፈሉ ነበር።

ከአገር ወጥተው ሩቅ የተጓዙት አበውም ይህንኑ ሥርዓት ይዘው ሄደዋል። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም ለዘመናት ለመንገደኛው ማረፊያ ሆኖ ኖሯል። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የምትገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት በ15ኛው መቶ ዓመት ለሐበሾች ከተሰጠች በኋላ፣ ከጎንደርም ከላስታም ከሸዋም የሚመጣው መነኩሴ ግዕዝ የሚናገርለትና እህል የሚያቀምሰው ወገን የሚያገኝባት ቦታ ሆነች። በእ.ኤ.አ. 1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊት በሮም በግዕዝ ፊደል ሲታተም፣ በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ደግሞ ሐዲስ ኪዳን ሲታተም ሥራው የተሠራው በዚያ በነበሩ ኢትዮጵያውያን ድካም ነው። ማተሚያው የአውሮፓ፣ ዕውቀቱ የእነርሱ ነበር፤ ዕውቀታቸውን እንዲያወጡት ያስቻላቸው ግን አስቀድሞ የሚያድሩበት ቤት ማግኘታቸው ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር በእ.ኤ.አ. 1649 ዓ.ም. የተገናኙት በዚያው በሮም ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1652 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ጎታ ተጋብዘው ሲሄዱ ግን የሐበሾች ቤት የሚባል አልነበረም። በዚያ አገር የነበራቸው ወዳጅ አንድ ሉዶልፍ ነው። እርሱ በእ.ኤ.አ. 1698 ዓ.ም. ላሳተመው የአማርኛ ሰዋስው መሠረት የሆነው ዕውቀት ከአባ ጎርጎርዮስ አንደበት የተገኘ ነው። ቤት በሌለበት አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ እንግዳው እንደሚቆም፣ ከመቆምም አልፎ ለተቀባዩ የሚተርፍ ነገር እንደሚሰጥ ከዚህ ይታያል።

ወደ ዘመናችን ሲቀረብ የሚነሣው ስም የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም በእ.ኤ.አ. 1861 ዓ.ም. በበጌምድር በይፋግ ተወለዱ። ይፋግ ዛሬ በሊቦ ከምከም ትገኛለች፤ በድሮ ዘመን ገበያዋ የታወቀ ነበር። ታዬ በወጣትነታቸው ከደጋው ወርደው በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ከጣና ዳር ለሄደ ወጣት የምጽዋ ሐሩር ራሱ ሌላ ዓለም ነው። በእ.ኤ.አ. 1905 ዓ.ም. ደግሞ ግዕዝና አማርኛ እንዲያስተምሩ ወደ በርሊን ተላኩና በምሥራቃውያን ቋንቋዎች ትምህርት ቤት እስከ 1908 ዓ.ም. ቆዩ። የሄዱት መምህር ሆነው እንጂ ተማሪ ሆነው አይደለም፤ ሆኖም በከተማው ፊት መምህርም ቢሆን እንግዳ ያው ተማሪ ነው።

በርሊን በዚያን ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ሰው የሚኖርባት፣ የኤሌክትሪክ ትራም የሚርመሰመስባት፣ በምድር ውስጥ የሚሄደው ባቡር ከተከፈተ ገና ሦስት ዓመት የሆናት ከተማ ነበረች። አለቃ ታዬ ግን በዚያች ከተማ ውስጥ የተወሰነ ወንበር ነበራቸው። ጧት የሚሄዱበት ቦታ፣ ንግግራቸውን የሚጠብቁ ደቀ መዛሙርት፣ እንደ ኦይገን ሚትቮክ ያለ አብሮ የሚሠራ ሊቅ ነበራቸው። ከሰው ሁሉ በቁጥር አንሰው ሳሉ የሚፈለጉ ሰው ነበሩ። ስደተኛን የሚገድለው ማነስ ሳይሆን አለመፈለግ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ታሪኩ በኢትዮጵያ በኩል ተገልብጦ የታየበትም ጊዜ አለ፤ አዲስ አበባ ራሷ እንግዳ ተማሪ ተቀብላለች። በሚያዝያ ወር 1950 ዓ.ም. በአክራ የነፃ አፍሪካ መንግሥታት ጉባኤ ሲደረግ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች። ከዚያ በኋላ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች ወጣቶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ መጡ። ከጊዜ በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው ሮበርት ኡኮ የተመረቀው በእ.ኤ.አ. 1962 ዓ.ም. ከዚሁ ከአዲስ አበባ ነው።

እነዚህ ወጣቶች አዲስ አበባ ሲደርሱ የጠበቃቸውን ነገር ማሰብ፣ ዛሬ ከዚህ ለሚሄደው ተማሪ የሚጠብቀውን ለመረዳት ይጠቅማል። ከናይሮቢ የመጣው ወጣት ሰዓቱን አይቶ ሁለት ሰዓት ነው ሲል የአገሩ ሰው ስምንት ሰዓት ነው ይለዋል። ዓመቱን ሲጠይቅ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ወሩን ሲቆጥር አሥራ ሦስት ያገኛል። በክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ሲወርድ ግን እንግሊዝኛው ከቅጥሩ በር ላይ ይቀራል። አፍሪካዊ ወንድም ተብሎ ተጋብዞ ሳለ በመንገድ ላይ የውጭ አገር ሰው ነው። ማደሪያና ምግብ ተሰጥቶታል፤ ጎረቤት ግን በትእዛዝ አይሰጥም። ሆኖም እነዚህ እንግዶች ከተቀባዮቻቸው የተማሩትን ያህል ማስተማራቸውም ተመዝግቧል። በየአገራቸው የነፃነት ትግል ሲነገር ያደጉ ስለ ነበሩ በይፋ መከራከርን ለምደው መጥተዋል፤ የኢትዮጵያ ተማሪዎች በ1950ዎቹ ውስጥ አንደበታቸው እንዲፈታ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የእነርሱ መምጣት መሆኑን የተማሪውን ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ሊቃውንት ይመሰክራሉ።

አሁን ከደብረ ታቦር ወደሚሄደው ተማሪ ጉዳይ እንመለስ። በመጀመሪያው ወር የሚያሰናክሉት ነገሮች ከሩቅ ሲታዩ ጥቃቅን ናቸው፤ ከዚህ ሳለ ቢነገሩት ግን ግማሹ ሸክም በቀለለለት ነበር።

አንደኛው ስሙ ነው። በዚህ አገር ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባት ስም መለያ እንጂ መጠሪያ አይደለም። በባሕር ማዶ ግን መዝገብ ያዡ የሚፈልገው የቤተሰብ ስም ነው። ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያው ቀን በክፍል ውስጥ በአባቱ፣ አንዳንዴም በአያቱ ስም ይጠራና ዝም ይላል፤ የተጠራው እርሱ መሆኑን አያውቅምና። ወንድምና እህት አንድ ስም ሲይዙ ባልና ሚስት የተለያየ ስም ይዘው ሲቀርቡ ጸሐፊው ይጠራጠራል። ስሙም በላቲን ፊደል በአንዱ ወረቀት በአንድ ዓይነት፣ በሌላው በሌላ ዓይነት ተጽፎ ከተገኘ መዘዙ ብዙ ነው፤ የትምህርት ማስረጃው የሌላ ሰው ይመስላል። ይህን ስሕተት የሚያርመው የውጭው ጸሐፊ ሳይሆን ማስረጃውን እዚህ የሚጽፈው የትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ነው።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ከደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ብርድ አያስፈራውም። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ በሆነ ከተማ ላደገ፣ የጉናን ነፋስ ለለመደ፣ ብርድ ማለት ጋቢ የሚጨመርበት ጉዳይ ነው። ያልለመደው ጨለማውን ነው። በዚህ አገር ፀሐይ በክረምትም በበጋም ከአሥራ ሁለት ሰዓት እምብዛም ሳትርቅ ወጥታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት እምብዛም ሳትርቅ ትጠልቃለች፤ ሰዓታችን ከጧት ጀምሮ መቆጠሩም ስለዚህ ነው። በበርሊን ወይም በሞስኮ በታኅሣሥ ወር ቀኑ ስምንት ሰዓት አይሞላም። ልጁ ጧት በጨለማ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በጨለማ ሲመለስ አካሉ ያዝናል፤ ምክንያቱን ስለማያውቅ ግን ነፍሱ የታመመች ይመስለዋል። «ይህ የሆነው በፀሐይ ምክንያት ነው፤ በመጋቢት ይለቅሃል» የሚለው ነባር ቢኖር ኖሮ ብዙ እንቅልፍ ባገኘ ነበር።

ሦስተኛው ዝምታ ነው፤ ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በጎረቤት በር ሲያልፍ ሰላምታ ያልተሰጠው የደጋ ልጅ የተጠላ ይመስለዋል። ቡና ጠጡ የሚለው የለም፤ ከደጅ የሚጮህ ሕፃን የለም። መምህሩን በስሙ ብቻ እንዲጠራ ሲነገረው አፉ አይታዘዝለትም፤ «አንተ» ማለት ያህላልና። መምህሩ ሲናገር ዐይኑን ወደ መሬት ቢያወርድ በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ በዚያ ግን ያልገባው ወይም የሚደብቀው ነገር ያለ ያስመስለዋል። ጥያቄ ሳይጠይቅ ወሩን ይጨርስና ፈተናው ይደርሳል።

ይህ ሁሉ ሲደርስበት ለቤቱ ምን ይጽፋል? በቀድሞው ዘመን ደብዳቤ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ነው፤ ቃሉ ግን ያው ነው፤ «ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚል ነው። ይህች ሐረግ የጨዋ ልጅ ሐረግ ናት፤ እናትን ላለማስጨነቅ የተፈጠረች ናት። ራቡንም ዕዳውንም ውድቀቱንም ትሸፍናለች። ወላጆች «ደኅና ነኝ» ያለውን ልጅ ብር ላክ ይሉታል፤ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ይቸገራል ብሎ የሚያስብ የለምና። በሌሊት ዕቃ እያጠበ የተማረው ተማሪ ቤተሰቡ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን ሳይሰማ ተመርቆ ይመለሳል። ሁለቱም ወገን የሚዋሸው ከፍቅር የተነሣ ነው፤ ውሸቱን የሚሰብረው እንግዲህ ወላጅ ያልሆነ ሦስተኛ ሰው ነው። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ያ ሦስተኛ ሰው ነባሩ ተማሪ ነበር።

መንግሥታት ይህን ክፍተት በሕግ ለመሙላት የሞከሩበት ጊዜ አለ። በሶቪየት ኅብረት የውጭ አገር ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በመሰናዶ ክፍል ሩስኛ ሲማር ይቆይ ነበር፤ ማደሪያውም ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተመድቦለት ይጠብቀው ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በዚያ መንገድ ያለፉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ስለዚያ መንግሥት ሌላ ሌላው ምንም ቢባል፣ የመሰናዶው ዓመት ብልህ ሐሳብ ነበር፤ ሁሉም እኩል ኮልታፋ በሆነበት ክፍል ውስጥ ከላኦስም ከኩባም የመጣው አብሮ ይስቃልና። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደግሞ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበራት ነበሩ። ስለ እነርሱ ሲጻፍ ፖለቲካቸው ሌላውን ሁሉ ይሸፍነዋል፤ ነገር ግን ብዙ ወጣት ወደ ስብሰባው የሄደው መጀመሪያ ክርክሩን ሽቶ ሳይሆን አማርኛ የሚሰማበትን ክፍል ሽቶ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

የአገር ልጅ ብቻ ማግኘት ግን መጠጊያ እንጂ መደላደያ ሊሆን አይችልም። የወሎው ተወላጅ ዶክተር መላኩ በያን ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በአሜሪካ በኦሃዮ በመስኪንገም ኮሌጅ ከተማሩ በኋላ ሕክምናን በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከታትለው በእ.ኤ.አ. 1935 ዓ.ም. ጨረሱ። ሃዋርድ የጥቁር አሜሪካውያን ታላቅ የትምህርት ቤት ነው። በዚያ ያገኙት ወዳጅነት ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ለኢትዮጵያ ጠበቃ ሆነ፤ በእ.ኤ.አ. 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ሲመሠረት ግንባር ቀደሙ እርሳቸው ነበሩ። መላኩ በከተማው ውስጥ የራሳቸውን ሰዎች ብቻ አልፈለጉም፤ የከተማው ሰዎች የራሳቸው እስኪሆኑ ድረስ ተጠጉ።

የማኅበሩ አባላት በዚህ ረገድ ሊያደርጉ የሚችሉት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደብረ ታቦር ዛሬ ራሷ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ስለሆነች፣ ከሌላ ክልል መጥቶ በአውቶቡስ መናኸሪያው ሻንጣውን ይዞ የሚቆመው ወጣት ለመለማመጃ ይበቃል፤ ቋንቋውን ያልቻለ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ምን እንደሚጠይቅ ከእርሱ መስማት ይቻላል። ወደ ውጭ የሚሄደውን በተመለከተ ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አንድ መዝገብ ቢይዝ መልካም ነው። በመዝገቡ ከዚህ ቤት ተምሮ የወጣው ሁሉ፣ የሚኖርበት ከተማ፣ የሄደበት ዓመትና የሚማረው ትምህርት ይጻፍበት፤ አዲስ ተጓዥ ሲኖር ለነባሩ ይነገረው፤ ነባሩም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እንዲያስጠጋ በትምህርት ቤቱ ስም ይጠየቅ። ፈቃደኛ ያልሆነ ቢኖር አይፈረድበት፤ ስሙ ብቻ ከተቀባዮች ዝርዝር ይውጣ። በመዝገቡ ላይ ስሞቹ በአማርኛ ፊደል ብቻ እንዳይቀሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በፓስፖርቱ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ፊደል ሳይጎድል ከጎኑ ይስፈር፤ አለዚያ በዚያ ማዶ ያለው ፈላጊ ልጁን አጠገቡ ቆሞ ሳለ አያገኘውም።